የአያቴን የከብት ቤት የቤተሰብ መኖሪያ ስናደርግ

በሰሜን ሸዋ ከጣርማ በር ወደ መንዝዋ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታዩት የድንጋይ ቤቶች ለመንገደኛ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስሉታል። ቀረብ ብሎ ያስተዋለ ግን የሰውን ቤት ከከብት ቤት ለመለየት ብዙ አይቸገርም። የከብት ቤት በሩ ሰፊ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ መስኮት የሚባል ነገር የለውም፤ ወለሉም ሽንቱ ወደ ውጭ እንዲፈስ ሆን ተብሎ ወደ አንድ ወገን እንዲያዘነብል ተደርጓል። እኔና ቤተሰቤ ዛሬ የምንኖርበት ቤት አያቴ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ለበሬዎቹ፣ ለላሞቹና ለበጎቹ ያሠራው ነው። ርዝመቱ 14፣ ስፋቱ 6 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በላይኛው ጫፍ የጭድ ማስቀመጫ ቆጥ ነበረው።

ይህን ቤት ለሰው መኖሪያነት ለማዘጋጀት ስንነሣ የገጠሙን ጥያቄዎች ብዙ ቢመስሉም፣ ቆይቶ እንደ ተረዳሁት ሁሉም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ነበሩ፤ ከብት ከቤት የሚፈልገውና ሰው ከቤት የሚፈልገው የት ላይ ይገናኛል፣ የት ላይስ ይለያያል? ሁለቱም ከነፋስ፣ ከውርጭና ከጅብ መጠለል ይፈልጋሉ፤ በዚህ ረገድ አያቴ የሠራው ቤት አንዳች አይጎድለውም ነበር። ሰው ከዚያ በላይ ብርሃን፣ ደረቅ ወለልና ጭስ የሌለበት አየር ይሻል። ሥራችን ሁሉ እነዚህን ሦስቱን መጨመር፣ የቀረውንም በተቻለ መጠን አለመንካት ነበር።

በአካባቢው ያለው አስተያየት ሌላ ነበር። ከአዲስ አበባ ተመልሶ የመጣ ሰው ብሎኬት ደርድሮ፣ ቀለም ቀብቶ ቤት እንዲሠራ ይጠበቃል እንጂ በከብት ቤት ልጆቹን ያሳድጋል ተብሎ አይታሰብም። እናቴም መጀመሪያ ላይ ደስ አላላትም፤ ነገሩን እንደ ድህነት ማስታወቂያ አየችው። ይህን ሐሜት ያቀዘቀዙልን አንድ የሰፈሩ ቄስ ናቸው፤ «ጌታም የተወለደው በበረት ነው፤ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?» ብለው በቡና ላይ ከተናገሩ በኋላ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቀረ። ደግሞስ በደጋው አገር ጥጃውና በጉ ሌሊቱን ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ በሰውና በከብት ቤት መካከል ያለው ድንበር ዛሬ እንደምናስበው የጠነከረ አልነበረም።

ስለ ይዞታው ጉዳይ በአጭሩ ልናገር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በመሬቱ ላይ በጉልበትና በገንዘብ የተሠራው ቤት ግን የባለቤቱ ንብረት ነው። በመሆኑም ወንድሞቼና እኅቶቼ ቤቱ ላይ ያላቸውን ድርሻ በሽማግሌ ፊት በጽሑፍ እስኪጨርሱልን ድረስ አንድ ድንጋይ አላነሣንም። የወረስነውን ቤት እናድሳለን ለሚሉ ሁሉ ከግንበኛ አስቀድመው ሽማግሌ እንዲፈልጉ እመክራለሁ።

ከግንበኛው ጋር የነበረን ክርክር ከመጀመሪያው ቀን የተነሣ ነው። ሰውየው ሙያውን የሚያውቅ፣ በእጁ ብዙ ቤት ያለፈ ሰው ነው፤ ግንቡን ዙሪያውን አይቶ «ጋሼ፣ ይኼ ፈርሶ በአዲስ ቢሠራ ይረክስዎታል» አለኝ። ሒሳቡ ስሕተት አልነበረም። ሆኖም የግንቡ ውፍረት 75 ሴንቲ ሜትር መሆኑን፣ ከደብረ ብርሃን ከፍ ባለ ደጋ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድ፣ ቀን ግን ፀሐዩ ጠንካራ መሆኑን አሰብኩ። እንዲህ ያለ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ይዞ ቆይቶ ሌሊት ቀስ በቀስ ይለቀዋል። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ግን ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይቀዘቅዛል። አያቴ ለበሬዎቹ የሰጣቸውን ምቾት ለልጆቼ መንፈግ አልፈለግሁም።

ግንቡ ሁለት ገጽ ያለው ነው። ከውጭና ከውስጥ ትልልቅ ድንጋይ ተደርድሮ፣ መካከሉ በኮረትና በጭቃ ተሞልቷል፤ ሁለቱን ገጽ የሚያስተሳስሯቸው ከዳር እስከ ዳር የሚያልፉ ረጃጅም ድንጋዮች ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን በኩል ግንቡ ወደ ውጭ አብጦ ነበር፤ ምክንያቱም ከጣሪያው ጠርዝ የገባው ውሃ የመካከሉን ጭቃ አጥቦ አውርዶት፣ ኮረቱ እየሰመጠ ሁለቱን ገጽ ገፍቷቸዋል። ያን ማዕዘን ድንጋዮቹን በከሰል ቁጥር እየጻፍን አወረድነው፤ እያንዳንዱንም ወደ ቦታው መልሰን በጭቃ አሰርነው። በዚህ ጊዜ አስተሳሳሪ ድንጋዮቹን አበዛናቸው። ግንበኛው ይህን ሥራ ሲጨርስ ስለ ማፍረስ የሚያነሣው ነገር ቀርቶ፣ የአያቴን ግንበኛ ማመስገን ጀምሮ ነበር።

ከሁሉ የከበደን ግን ወለሉ ነው። ለአሥርተ ዓመታት የተጠቀጠቀው ፍግ ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ ጉልበት ድረስ በሚደርስ ጥልቀት ሬንጅ የመሰለ ንጣፍ ሆኖ ነበር። ቆፍረን አወጣነውና ወደ ገብሱና ወደ ድንቹ ማሳ ሄደ፤ ለማሳው መልካም ሆነ። በግንቡ ላይ የቀረው ግን በቀላሉ የሚጠረግ አልነበረም። ከብት ለዘመናት በታሰረበት ቤት የግንቡ ታችኛው ክፍል በሽንት ይርሳል፤ በሽንቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ወደ ናይትሬት ጨው ይለወጣል። ይህ ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ግንቡ ዝናብ ሳያገኘው እንኳ በክረምት ያልበዋል፤ በበጋ ደግሞ ነጭ ዱቄት ሆኖ ወደ ላይ ይወጣና ልስኑን ይገፋዋል። በብዙ አገር ባሩድ ለመሥራት የሚያገለግለው ጨው ቀድሞ የሚለቀመው እንዲህ ካለ የጋጣ አፈርና ግንብ ነበር፤ ስለዚህ ልጆቼ የሚኖሩት በአንድ የባሩድ ማምረቻ ውስጥ ነው እያልኩ እቀልዳለሁ።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። የታችኛውን አንድ ሜትር ልስን ሙሉ በሙሉ ቀረፍነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ ጣት እስኪገባ ድረስ ፈለፈልነው፤ የወጣውን ጨው በደረቅ መጥረጊያ ጠረግነው እንጂ በውሃ አላጠብነውም፤ ውሃው ጨውን መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋልና። ከዚያም በሩን ከፍተን ግንቡን በጋውን ሙሉ ባዶውን እንዲደርቅ ተውነው። በኋላ የተቀባው የመጀመሪያው የጭቃ ምርጊት ቀሪውን ጨው እንዲስብ ብቻ የታሰበ ነበር፤ ሲያንስ አንድ ጊዜ ተቀርፎ እንደሚጣል አስቀድመን እናውቅ ነበር፤ እንደዚያም ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ሲሚንቶ የማስበውን መናገር ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም አሮጌ የድንጋይ ቤት የሚያድሱ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርጉት ግንቡን በሲሚንቶ መለሰን ነው። የኛ ደጋ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ራሱ ውሃ ብዙም አይጠጣም። እርጥበቱ ከመሠረቱ ወደ ላይ የሚወጣው በድንጋዮቹ መካከል ባለው ጭቃ በኩል፣ ላምባ በፋኖስ ክር እንደሚሳበው ነው። ግንቡ በጭቃ ወይም በኖራ ከተለሰነ ይህ እርጥበት በገጹ በኩል ተንኖ ይወጣል። በሲሚንቶ ከታሸገ ግን መውጫ ስለሚያጣ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ የመካከሉን ጭቃ ያላላዋል፤ ሲሚንቶው ውጭውን አምሮና ደርቆ እየታየ ግንቡ ከውስጥ ይበሰብሳል። የጎንደር ነገሥታት ግንቦቻቸውን ያቆሙት በኖራ ነው። ኖራ ከሲሚንቶ ይልቅ ለስለስ ያለና አየር የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ አሮጌ ግንብ በሚጠገንበት ጊዜ ጭቃን የሚስማማው እርሱ ነው። እኛም ለውጭው ገጽ ኖራ፣ ለውስጡ ጭቃ መረጥን። ሲሚንቶ የገባው በመታጠቢያ ክፍሉ ወለልና በውሃ ማጠራቀሚያው ብቻ ነው።

ግንቡን ከማከም በፊት ግን ውሃው ከግንቡ እንዲርቅ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። በስተላይ በኩል ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በቀጥታ የጀርባውን ግንብ ይመታው ስለነበር፣ ከግንቡ ራቅ ብሎ ከወለሉ ዝቅ የሚል ቦይ ቆፍረን በጠጠር ሞላነው። ለዓይን የማይታይ፣ ለእንግዳ የማይጎበኝ ሥራ ነው፤ ከሠራነው ሁሉ ዋጋውን በቶሎ የመለሰው ግን እርሱ ነው። በተከታዩ ክረምት የጀርባው ግንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ደርቆ ከረመ።

የወለሉን ተዳፋት አላጠፋነውም። ከላይኛው ጫፍ ወደ ታችኛው በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ይህም ለቆሻሻ ውሃ ቱቦ የሚፈለገው ልክ ነው። ስለዚህ ማድ ቤቱንና መታጠቢያውን በታችኛው ጫፍ አደረግናቸው፤ ቱቦው አያቴ ለከብቶቹ ሽንት ባወጣው የድንጋይ ቦይ ውስጥ ተኝቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ለመኝታና ለመቀመጫ የሚሆነውን ክፍል ብቻ በትልልቅ ድንጋይ ንጣፍ አስተካክለን፣ በላዩ የባሕር ዛፍ ሳንቃ አነጠፍንበት። ከሳንቃው በላይ የመንዝ ሴቶች ከበግ ጸጉር ፈትለው የሚያሠሩት ባና ተነጥፏል። ባና እንደ ምንጣፍ ሲረገጥ እናቴ አሁንም ቅር ይላታል፤ ለእርሷ ባና የሚለበስ እንጂ የሚረገጥ አይደለም።

መስኮት መክፈት ሌላው ከባድ ሥራ ነበር። በኛ ኬክሮስ በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች፤ በሰኔ ግን ጥቂት ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ ሦስቱን ትልልቅ መስኮቶች በደቡቡ ግንብ ላይ አወጣን፤ ብርዱ በሚጠናበት ወር ፀሐይ ወለሉ ድረስ ትገባለች። ነፋሱ በሚበረታበት በምሥራቅ በኩል ግን ምንም አልከፈትንም። አሮጌ ግንብ በመዶሻ ተመትቶ እንደማይከፈት ያወቅነው ከግንበኛው ነው፤ አስቀድሞ የውጩን ገጽ ብቻ ቦርቡሮ የወይራ ጉበን ያስገባል፤ ጭነቱ በጉበኑ ላይ ካረፈ በኋላ በውስጠኛው ገጽ ሌላውን ጉበን ያስገባል፤ ከሥር ያለው ድንጋይ የሚወጣው ሁለቱም ከተቀመጡ በኋላ ነው። የግንቡን ውፍረት ግራና ቀኝ በሰያፍ ስላሰፋነው መስኮቱ ብዙ ብርሃን ይሰጣል፤ ታችኛው ጠርዝም ሰው የሚቀመጥበት መደብ ሆኗል። ልጆቹ ከየትኛውም ወንበር አስበልጠው የሚጣሉበት ቦታ ይህ ነው።

ምርጊቱን የመሩት ሙያውን ከእናታቸው የተማሩ አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለሳምንታት ይቦካል፤ ሽታው የሰፈሩን ሁሉ አፍንጫ ያስይዛል። እትዬ የገብስ ጭድ ግትር ስለሆነ ይሰነጥቃል ብለው አልተቀበሉም፤ ከቆላማው ወገን የጤፍ ጭድ በጭነት አስመጣን። የጭቃውን ልክ የሚያውቁት በመጠን ሳይሆን በእጅ ነው፤ ድቡልቡል አድርገው ከወገባቸው ከፍታ ይለቁታል፤ ከተበተነ ደርቋል፣ ከተለጠፈ ረጥቧል፣ ቅርጹን ይዞ ጥቂት ከተሰነጠቀ ደኅና ነው። የመጨረሻውን ገጽ በእበትና በነጭ አፈር ለስልሰው ጨረሱት። ጭቃ የመርገጡ ሥራ በደቦ ሲሆን የጠላው ወጪ ከአፈሩ በእጅጉ በለጠ።

ወቅቱን መምረጥ እዚህ አካባቢ እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ቢሆኑም በእርጥብ ልስን ውስጥ ያለው ውሃ ሌሊት በውርጭ ስለሚረጋ ልስኑን ያፈርሰዋል። ከየካቲት ጀምሮ ውርጩ ሲለቅ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ደጋ በልግ ይመጣል። ስለዚህ ጣሪያው አስቀድሞ በታኅሣሥና በጥር አለቀ፤ የውስጡ ምርጊት በልጉ ውጭ እየዘነበ በጣሪያ ሥር ተሠራ፤ የውጩ ኖራ በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት፣ በልጉ አባርቶ ክረምቱ ሳይገባ ተቀባ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ እየደረቀ ባለበት ጊዜ እርጥብ ጆንያ እየጋረድንለት ከቀትር ፀሐይ ጠበቅነው።

ጣሪያውን በተመለከተ ልቤ በሣር ክዳን ላይ ነበር። መንዝ በማኅበረሰቡ ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ የቆየው የጓሳ ሣር አገር ነው፤ የአያቴ ቤትም መጀመሪያ የተከደነው በዚያ ሣር ነበር። ነገር ግን የሣር ክዳን ዕድሜ የሚያገኘው ከሥሩ በየቀኑ በሚነድ እሳት ጭስ ነው፤ ጭሱ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ተባዩን ያባርራል። ጭስ ከቤት ይውጣ ብሎ የወሰነ ሰው የሣር ክዳንን ዕድሜ አብሮ ማሳጠሩን ማወቅ አለበት። አባቴ ያለበሰው ቆርቆሮ ዝጎ ስለነበር በአዲስ ቆርቆሮ ቀየርነው፤ የጥድ ወራጆቹ ግን አንዱም አልበሰበሰም ነበርና ጸድተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ቆርቆሮ ብቻውን በደጋ ክፉ ነው። ሌሊት በጣም ስለሚቀዘቅዝ ከሰው ትንፋሽና ከድስት የሚወጣው እንፋሎት ከሥሩ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ሲወርድበት ሰው ከሰው መነጋገር አይችልም። ስለዚህ ከቆርቆሮው ሥር አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት ትተን፣ ከዚያ በታች የታጠበና ተባይ በሚከላከለው ቦራክስ በተባለ ማዕድን የታከመ የበግ ጸጉር ደልድለን፣ ከሥሩ በሸምበቆ ከደንነው። በመንዝ የበግ ጸጉር ከስሚንቶ ጆንያ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ክዳኑ ከግንቡ 80 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ዝናቡን ያርቀዋል። ለአሸንዳው ደግሞ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1,000 ሊትር ውሃ ይሰጣል።

ውስጡን ብዙ አልከፋፈልነውም። ክፍል በበዛ ቁጥር የቤቱ ስፋት ይጠፋል፤ የሚሞቀውም ቦታ ያንሳል። የጭዱ ቆጥ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ከቤቱ ሁሉ የሞቀው ቦታ ሆነና የልጆች መኝታ ሆነ። መሰላሉን ወደ ደረጃ ቀየርነው እንጂ ወለሉ ያው የጥንቱ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው ግንቡ ሳይቦረቦር ወራጆቹን ተከትሎ በግልጽ ይሄዳል። እንጀራ የሚጋገረው ውጭ ባለው ማድ ቤት ነው፤ ውስጥ ያለው ምድጃ ጭስ መውጫ አለው።

አንዳንድ እንግዶች ግድግዳው ላይ ቅል፣ አገልግልና የጦር ጋሻ ብንሰቅል ቤቱ «ባህላዊ» እንደሚሆን ይነግሩናል። በየሎጁ የምናየው ይህ ዓይነቱ ማስጌጫ ለእኔ አይጥመኝም። በዚህ ቤት ውስጥ አሮጌ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ሥራ ያለው ነው፤ ወፍራሙ ግንብ ያሞቃል፣ ተዳፋቱ ውሃ ያወርዳል፣ ወይራው ጭነት ይሸከማል፣ ሰፊው በር ስንዴ የተሸከመ አህያ ያስገባል። ሥራ የሌለው ጌጥ ሲጨመርበት እነዚህም ጌጥ ይመስላሉ። የበሬዎቹ ማሰሪያ ቀለበቶች ብቻ ያለ ሥራ ግንቡ ላይ ቀርተው ነበር፤ እነርሱንም እናቴ የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥራባቸዋለች።

የጭቃ ቤት በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ከመስቀል በኋላ ዙሪያውን እየተመለከትን የተሰነጠቀውን መድፈን፣ ጠጠር የሞላንበትን ቦይ ማጽዳት፣ ከታች ጨው ያወጣውን መቅረፍ አለብን። ዘንድሮ ጨው የታየው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የወይፈኖቹ ማሰሪያ በነበረው ጥግ። እትዬ አይተው «ይኼ ገና ሁለት ምርጊት ይበላል» ብለዋል፤ ጭዱ ተገዝቷል፣ ጭቃው በማሳው ዳር እየቦካ ነው።